አንድ ባልዲ ውሃ ሰማያዊ፣ ሦስት ዓይነት ክፍል

ባለቤቴ የተቀባውን ሳሎን ገና ከበሩ ሲያየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ካርድ የሚወጣው በየት በኩል ነው?»

ጤና ጣቢያ አስመሰልሽው ማለቱ ነው። አልፈረድኩበትም። ውሃ ሰማያዊ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን መርፌ የተወጋንበት ክፍል ነው። ወይ ደግሞ እስከ ደረት ድረስ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ክሬም የሆነ የትምህርት ቤት ኮሪደር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ሦስት ክፍል ያስቀባሁት። ያኔ ኅዳር ነበር። አሁን ጥቅምት ላይ ነን። በጋውም ከነፀሐዩ፣ ክረምቱም ከነእርጥበቱ አልፎበታል። አዲስ የተቀባ ግድግዳ የማያምር የለም፤ እስካሁን ምንም ሳልል የቆየሁት ለዚያ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ የምሠራውም እዚያው ቤቴ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሦስት መኝታ። ያስቀባሁት ሳሎኑን፣ የልጆቹን ክፍልና የስፌት ክፍሌን ነው። የእኛ መኝታ ክሬም እንደሆነ ቀረ። ምክንያቱ ምርጫ አይደለም፤ ብሩ አለቀ።

ከክር ጋር ሃያ ዓመት ስለኖርኩ ቀለም አውቃለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ስህተቴም የመጣው ከዚያው ከክሩ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ወዳለ አንድ የቀለም ሱቅ ስሄድ ከጥለት የተረፈ ቁራጭ ይዤ ሄድኩ። ደስ የሚል ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ለአንዲት ደንበኛዬ የገዛሁት። «ይህን አስመስልልኝ» አልኩት ልጁን። እሱም ጨርቁን ካታሎጉ ላይ አድርጎ እያመሳሰለ አንዷን ካርድ መረጠ። ቁርጥ እሷው ናት። እኔም በዓይኔ አረጋገጥኩ።

ደግነቱ ለሙከራ አንድ ሊትር ብቻ ነው ያስቀላቀልኩት። ቤት ወስጄ የሳሎኑን አንድ ጥግ ስቀባው የልደት ኬክ መሰለ። ቀለሙ ጮኸ። ካርዷ እኮ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም። ያቺ በካርድ ላይ ፈዛዛ የመሰለች ቀለም አራት ግድግዳ ስትሞላ አንዱ ግድግዳ በሌላው ላይ ስለሚያንጸባርቅ ትደምቃለች። በዚያ ላይ ውሃ ቀለም እርጥብ ሳለ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ማታ የወደድኩት ጠዋት ሌላ ነበር።

በስምም አትታለሉ። በካታሎጎቹ ላይ «ፓስቴል ሰማያዊ» የሚባል አለ፤ ራል (RAL) በሚባለው የአውሮፓ የቀለም መለያ ቁጥሩ 5024 ነው። ፓስቴል ሲሉት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ለመኝታ ቤት ግድግዳ ጠቆር ያለ ነው፤ ለብረት በር ሲሆን ያምርበታል። እኔ በመጨረሻ የተስማማኝ ካታሎጉ ላይ «ይሄማ ነጭ ነው» ብዬ ያለፍኩት ነው። ውሃ ሰማያዊ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ዓይናችሁ ካረፈበት ወደ ነጩ በኩል ሁለት ካርድ ሂዱ።

ሁለተኛው ስህተቴ ያሳፍረኛል። ሙከራውን በክሬሙ ግድግዳ ላይ መቀባቴ። ክሬም ማለት ቢጫ ያለበት ነው። ቢጫ አጠገብ የተቀመጠ ሰማያዊ ከራሱ በላይ ሰማያዊ ይመስላል። ይህን ደንበኞቼን በየቀኑ የማስረዳ ሰው ነኝ፤ ክር በነጠላው ላይ አድርጋችሁ እንጂ ወንበር ላይ ሆኖ አትምረጡት እላለሁ። ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጬ፣ ነጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ሁለት እጅ ቀባሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ካርቶኑን ይዤ በቤቱ ዞርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ሶፋው ጀርባ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት መስኮቱ ሥር፣ ማታ አምፖል ሲበራ። ባለቤቴ «ሥዕሉ ስንት ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። ያ ካርቶን ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ከከፈልኩበት ነገር ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። የግድግዳው ስፋት ግን አይለወጥም። ሳሎኔ 4 በ4.5 ነው፣ ከፍታው 2.6። ዙሪያው 17 ሜትር፤ በከፍታው ሲባዛ 44 ካሬ። በርና መስኮት ሲወጣ 37 ገደማ ይቀራል። የልጆቹ ክፍል 30፣ የስፌቱ 27። ሲደመር 94 ካሬ። ሁለት እጅ ነውና 188። አንድ ሊትር የግድግዳ ቀለም በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል። መካከሉን ወስጄ አንድ ባለ 18 ሊትር ባልዲ ይበቃል አልኩ። ትተርፋለችም ብዬ ነበር።

አልበቃችም። አዲስ ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት ግድግዳ ማለስለሻው፣ እንደ ደረቅ መሬት ነው፤ የመጀመሪያውን እጅ ጠጥቶ ዝም ይላል። በ10 አስሉ፤ ስቱኮ ካለ ከዚያም ዝቅ አድርጉ። ደግሞ የምትገዙት በሊትር ይሁን በኪሎ አጥሩ። አንድ ሊትር የግድግዳ ቀለም ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ሃያ ኪሎ የተጻፈበት ባልዲ ሃያ ሊትር አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ከሱቁ ጋር የተቀያየምነው። ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያው ባልዲ በማሽን ነው የተቀላቀለው፤ ቁጥሩን አስገባ፣ ማሽኑ ጠብ ጠብ አደረገ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀ። ቆንጆ ሥራ ነው፤ ቀለሙ ከካርዱ ጋር አንድ ነበር። የጎደለውን አንድ ጋሎን ልገዛ ስመለስ ግን መብራት የለም። ልጁ «ችግር የለም እህቴ፣ በእጅ አደርግልሻለሁ» አለኝ። ከቱቦ እየጨመቀ፣ በዱላ እያማሰለ፣ አንድ ጊዜ ነጭ እየጨመረ ሠራልኝ። ወደ አረንጓዴ ያደላ መሰለኝ። ስነግረው «ሲደርቅ ይመሳሰላል» አለ።

ደረቀ። አልተመሳሰለም። ብመልሰው የተቀላቀለ ቀለም አይመለስም አሉኝ። ሕጋቸው እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ከመቀላቀሉ በፊት ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። የራሴም ጥፋት አለበት። ለአንድ ቀሚስ የሚሆን ክር ሁልጊዜ በአንዴ ነው የምገዛው። በሌላ ቀን የተነከረ ክር ያው ቁጥር ቢኖረውም ልዩነቱ ፀሐይ ላይ ይታያል። በክር የማልሠራውን ስህተት በግድግዳ ሠራሁት።

ያዳነን ቀለም ቀቢው ነው። «እትዬ፣ መሃል ላይ እንዳይገናኙ፤ ጥግ እስከ ጥግ አንዱን ግድግዳ በዚህ እንጨርሰው» አለኝ። ሁለት ግድግዳ ጥግ ላይ ሲገናኝ ብርሃኑ ስለሚለያይ ቀለሙም ቢለያይ ዓይን አይጠረጥርም። ከሳሎኑ በር ጀርባ ያለውን ግድግዳ በዚያ ጋሎን ቀባው። እስከ ዛሬ ያወቀብኝ እንግዳ የለም። እኔ ግን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ስለ ቀቢው እንጫወት እንግዲህ፤ ይሄም ግምገማ ነው። ጎረቤት የጠቆመችኝ ወጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቀን 5 ሰዓት ላይ መጣ፤ ታክሲ ነው አለ። ሥራው በካሬ ነው። በርና መስኮት አይቀንስም። ተከራከርኩት። «እትዬ፣ የሚያደክመው እኮ ዙሪያው ነው» አለኝ። በኋላ የመስኮቱን ዳር ሲሠራ ተቀምጬ አየሁት። እውነቱን ነው።

ጥሩው ነገር ከመቀባቱ በፊት ያደረገው ነው። ሳሎናችን ታችኛው ግማሽ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ዘይት ቀለም ቀብተውት ነበር። በዘይት ቀለም ላይ ውሃ ቀለም ዝም ብሎ ቢቀባ አይይዝም፤ ወር ሳይቆይ በጥፍር ይነሳል። እሱ መጀመሪያ በሳሙና አጠበው፣ ከዚያ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ቀለም እንዲይዝ የሚያደርገውን ፕራይመር ሰጠው፣ ከዚያ ነው ስቱኮ ያለው። ሲፈትግ ግድግዳውን በስፖንጅ እያረጠበ ነበር፤ አቧራ እንዳይነሳ። ይህን እኔ ነኝ አጥብቄ ያልኩት። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ማን ያውቃል። ልጆቹን ሁለት ቀን አያታቸው ጋ ላክኋቸው። እሳቸው ደግሞ ስለ ቀለም አቧራ ሳይሆን ስለ ልጆቹ ቁርስ ነው የተጨነቁት።

መጥፎው፣ ሁለተኛው እጅ ላይ ውሃ አብዝቷል። ስልክ እያወራ ነበር። የልጆቹ ክፍል አንዱ ግድግዳ ላይ የሮለሩ መንገድ ጎን ለጎን ሲታዩ የሚለዩ ሰንበሮች አሉ። ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ ብትሉኝ 7። እንደገና ትጠሪዋለሽ ወይ? ጠርቼዋለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ከሦስቱ የልጆቹ ክፍል ነው ያሸነፈው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ በቀጥታ ስትገባ ግድግዳው ነጭ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ጸጥ ያለ ነው። ኮርኒሱን ነጭ አድርገናል፤ ጠባቡ ክፍል ትንሽ ሰፋ ያለ መሰለ። የአራት ዓመቱ ልጄ አልጋው አጠገብ በእጁ ማኅተም አድርጎበታል። ደብዛዛ፣ የማያብረቀርቅ ዓይነት ቀለም ስለመረጥኩ ስቱኮው ላይ ያለውን እብጠትና ጎድጓዳ ደብቆልኛል። ጉዳቱ፣ አይታጠብም። በሳሙና ስታሹት ቆሻሻው ለቅቆ ቦታው ይወለወልና ያበራል። አሁን ከቆሻሻው ይልቅ የጠዳው ቦታ ነው የሚታየው። ልጅ ያለው ሰው በትንሹ የሚያብረቀርቀውን ይግዛ፤ ስቱኮውን ግን በደንብ ያስለስል፤ ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዷን ጉድለት ያወጣል።

አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ የራሷ ቅሬታ አላት። «ፎቶ ስነሳ ፊቴ ይገረጣል» ትላለች። ሰነፍ ቅሬታ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ልክ ናት፤ ምክንያቱን በኋላ በራሴ ሥራ ላይ አየሁት።

በዚያው ክፍል ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ደግሞ የኔ ኃጢአት ነው። ቀቢው ገና ሲፍቀው ነጭ ጨው አወጣ። «እትዬ፣ ይሄ ውሃ አለበት። ቧንቧው ይታይ፤ ከዚያ ወር ይድረቅ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለገና እንግዳ ጠርቼ ነበር። ቀባው አልኩት። ቀባው። ሐምሌ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ዓይኑ ሲፈርጥ ቀለሙ ከነስቱኮው ረገፈ። ዳሩ ላይም ቡናማ ክብ ሠራ። ክሬም ቢሆን ያ ክብ ይደበቅ ነበር፤ ውሃ ሰማያዊ ግን ምንም አይደብቅም። ለቀለሙም ለቀቢውም ነጥብ የማልቀንስበት ጉዳይ ነው።

ሳሎኑ ወደ ምዕራብ ያያል። ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ አልዋሽም። 10 ሰዓት ሲሆን ግን ያ ወርቃማ ፀሐይ ይገባና ሰማያዊው ግራጫ ለስላሳ ይሆናል። ቡናማው ሶፋና የእንጨቱ ቁም ሳጥን ክሬሙ ጊዜ ጠፍተው ነበር፤ አሁን ወጡ። ከሁሉም ያስደነቀኝ መሶቤ ነው። ያ ቀይና ብርቱካናማ ስፌት በሰማያዊው ፊት ሲቀመጥ እንግዳ ሁሉ ከየት ገዛሽው ይላል። አሥር ዓመት እዚያው ነበር እኮ።

ግን የቡና ጥግ አለኝ። በየእሑዱ ከሰል፣ እጣን፣ ቆሎ ሲቆላ ጭስ። ሰባት ስምንት ወር ሲሆነው ከረከቦቱ በላይ ያለው ግድግዳ ቢጫ አዘል ሆነ። ቢጫ በሰማያዊ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ነው። ክሬም ላይ ቢሆን ዓመታት ይፈጅ የነበረ ነገር እዚህ ላይ በወራት ታየ። መስኮት ከፍታችሁ አጭሱ፤ ወይ እንደኔ ረከቦቱን ወደ በረንዳው በር አስጠጉ።

ስለ አቅጣጫ አንድ ነገር። ከውጭ የሚመጣው ምክር «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ሰማያዊ አትቀቡ፤ ይበርዳል» ይላል። ለአውሮፓ እውነት ነው፤ እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን 9ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው፤ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። እኛን የሚለየን ምሥራቅና ምዕራብ ነው፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ክረምት። ነሐሴ ላይ ደመናው ራሱ ሰማያዊ ግራጫ ብርሃን ነው የሚሰጠው። ያን ጊዜ ሳሎኔ ውስጥ ስቀመጥ ጋቢ እደርባለሁ። ሙቀቱ ያው እንደሆነ አውቃለሁ። እደርባለሁ ግን።

የስፌት ክፍሉ ነገር ሌላ ነው። መስኮቱ የጎረቤት ብሎክ ፊት ለፊት ስለሆነ ቀንም መብራት ይበራል። አምፖሉ 6500 የሚል ቁጥር ያለው ነጭ ኤልኢዲ ነው፤ ለስፌት እሱ ነው የሚያስፈልገኝ። ያ ነጭ ብርሃን በውሃ ሰማያዊ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። 3000 የሚለውን ቢጫ አምፖል ሞከርኩ። ክፍሉ ሞቀ፤ ግድግዳውም አመድማ አረንጓዴ ሆነ። ክሮቹ ግን ተምታቱብኝ፤ ክሬሙና ነጩ አንድ ሆኑ። መልሼ ነጩን አደረግኩ።

ጥር ላይ የሰርግ ሥራ ነበረኝ። ለሙሽራዋ ነጭ፣ ለእናቷ ደግሞ ትንሽ ቅቤ የሚመስል መልክ ያለው ጨርቅ። ጥለቱን እዚያው ክፍል ውስጥ መረጥኩ። ፍጹም ሄደልኝ። ልጅቷ ለልክ መጥታ በረንዳ ላይ ስታየው ዝም አለች። ከዚያ «እትዬ፣ ክሩ ቢጫ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም አየሁት። ቢጫ ነው። ውስጥ ሳለሁ አራቱ ግድግዳዎች ሰማያዊ ብርሃን እየጣሉበት ቢጫውን ውጠውት ነበር። የልጄ ፊት ፎቶ ላይ የሚገረጣውም ለዚሁ ነው። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ፈታሁት። ጥለት መፍታት ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

መጋቢት ላይ ለዚያ ቀቢ ደወልኩለትና ክፍሉን ነጭ አስቀባሁት። በሰዓቱ መጣ፤ ስልኩንም ኪሱ ከተተው። ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ሜካፕ የምትሠሩ፣ ዕቃ ፎቶ እያነሳችሁ የምትሸጡ ሁሉ፣ ሰማያዊውን ለምታድሩበት ክፍል አድርጉት። ለምትሠሩበት አይሁን።

ሳሎኑንስ እንደገና ልቀባው ቢሆን? እቀባዋለሁ። ያንኑ ቁጥር፣ በትንሹ የሚያብረቀርቀውን ዓይነት፣ ሁለት ባልዲ በአንድ ቀን፣ መብራት ባለበት ቀን። ባልዲዎቹ ሁለት ከሆኑ ደግሞ በትልቅ ሳፋ አንድ ላይ አማስሎ፤ ያኔ ልዩነት ቢኖርም ይጠፋል። ባለቤቴ እስካሁን «ክሊኒኩ» ይለዋል። ቢሆንም ከሥራ ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያው ነው።

ባለፈው ሳምንት የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ የቀለሙን ቁጥር ጠየቀችኝ። ጻፍኩላት። ካርቶኑንም አብሬ ሰጠኋት፤ የሷ ሳሎን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ትናንት ደረጃ ላይ ሳልፍ በሯ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ካርቶኑን ፍሪጁ ላይ አስደግፋዋለች። ባሏ ምን እንዳለ አልጠየቅኳትም።